ፍጥንጥነት የበዛ ፍጥነት አይደለም፦ ለአንድ ማስታወሻ የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ ስለ ፍጥንጥነትና ስለ ቀመሮቹ የተጻፈ አንድ አጭር ማስታወሻ ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ በተማሪዎች እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ስም አልተጻፈበትም፤ ሙግታችንም ከነጥቦቹ ጋር እንጂ ከጸሐፊው ጋር አይደለም። ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ፍጥንጥነት የበዛ ፍጥነት ነው፤ የሚሰላው ፍጥነትን ለጊዜ በማካፈል ነው፤ የመቀነስ ምልክት ካለው ነገሩ እየዘገየ ነው፤ ፍጥነት ዜሮ ከሆነ ፍጥንጥነትም ዜሮ ነው፤ ከባድ ነገር ቀድሞ ይወድቃል፤ ደጋ ላይ ስበት በእጅጉ ይቀንሳል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬን ርቀትም እጥፍ ይሆናል፤ የፍጥነት መለኪያው ቀስት ካልተነቃነቀ ፍጥንጥነት የለም። በመጨረሻም ድንጋይ ከፎቅ ለቅቆ በስልክ ሰዓት መያዝን እንደ ቤተ ሙከራ ያቀርባል። በየተራ እንያቸው።

ቀመሮቹን በራሳችን ፊደል እንጽፋለን። ነ መነሻ ፍጥነት፣ ፍ መድረሻ ፍጥነት፣ ጥ ፍጥንጥነት፣ ጊ ያለፈው ጊዜ፣ ር የቦታ ለውጥ ነው። «የቦታ ለውጥ» ያልነው ሆን ብለን ነው፤ ሄዶ የተመለሰ ሰው ብዙ ርቀት ተጉዟል፣ የቦታ ለውጡ ግን ዜሮ ነው። ፍጥነት ስንልም አቅጣጫውን ጨምረን ነው። የተለመደው አማርኛ አቅጣጫ ላለውም ለሌለውም «ፍጥነት» የሚል አንድ ቃል ስለሚጠቀም አቅጣጫው በቀላሉ ይረሳል።

«ፍጥንጥነት የበዛ ፍጥነት ነው» ለሚለው ጸሐፊው ብቻቸውን አይወቀሱም፤ ቋንቋችንም ይገፋፋል። በአማርኛ ፊደል ሲደጋገም ነገሩ የባሰ ይመስለናል። ከተሰበረው ስብርብር ያለው ይብሳል፣ ከተቆረጠው ቁርጥርጥ ያለው ይብሳል። እናም «ፍጥንጥነት» ሲባል ጆሯችን «ፍጥነት፣ ግን የበለጠ» ብሎ ይሰማል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንና ቃሉ «አክስለሬሽን» ይባላል፤ ተማሪው ያንኑ የተሳሳተ ትርጉም በአዲስ ስም ይዞት ይቀጥላል።

ጎተራ ያስቡ። ጎተራው ውስጥ ያለው እህል አንድ ነገር ነው፤ በየቀኑ የሚገባው ወይም የሚወጣው እህል ሌላ ነገር ነው። ሙሉ ጎተራ ምንም ላይጨመርበት ይችላል፤ ባዶው ደግሞ ዛሬ አሥር ኩንታል ሊገባበት ይችላል። ፍጥነት ጎተራው ውስጥ እንዳለው እህል ነው፤ ፍጥንጥነት በየሰከንዱ የሚገባው ወይም የሚወጣው ነው። በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ፈረስ ከቆመበት ተነሥቶ በ5 ሰከንድ 12 ሜትር በሰከንድ ቢደርስ ፍጥንጥነቱ 12 ÷ 5 = 2.4 ሜ/ሰ² ነው፤ በየሰከንዱ ፍጥነቱ ላይ 2.4 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በዚያው ፍጥነት በቀጥታ ሲጋልብ አቧራው ይጨሳል፣ ተመልካቹ እልል ይላል፣ ፍጥንጥነቱ ግን ዜሮ ነው። ከመናኸሪያ በር ላይ የሚነሣ ባጃጅ በ4 ሰከንድ 5 ሜትር በሰከንድ ቢደርስ 1.25 ሜ/ሰ² አለው፤ በቀጥታ መንገድ ላይ በእኩል 72 ኪ.ሜ. በሰዓት ከሚበረው አውቶቡስ በፍጥንጥነት ይበልጣል።

የ«ሰከንድ ካሬ» ነገር ብዙዎችን ያደናግራል። ካሬ የሆነ ሰከንድ የሚባል ነገር የለም። «ሜትር በሰከንድ፣ በየሰከንዱ» ብለው ያንብቡት፤ ግርታው እዚያው ይጠፋል።

ሁለተኛው ነጥብ ጥ = ፍ ÷ ጊ የሚለው ነው። ይህ የሚሠራው ከቆመበት ለተነሣ ነገር ብቻ ነው። ትክክለኛው ጥ = (ፍ − ነ) ÷ ጊ ነው፤ የሚካፈለው ለውጡ እንጂ የተደረሰበት ፍጥነት አይደለም። አንድ አውቶቡስ በ54 ኪ.ሜ. በሰዓት ሲሄድ ቆይቶ ለመቅደም በ8 ሰከንድ ወደ 90 ኪ.ሜ. በሰዓት ቢያሳድግ፣ መጀመሪያ ለ3.6 እናካፍላለን፤ 15 ሜትር በሰከንድና 25 ሜትር በሰከንድ ይሆናሉ። ለ3.6 ማካፈልን ማስታወሻው በትክክል አስቀምጦታል፤ እዚህ ላይ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን 25 ÷ 8 ብሎ 3.1 ሜ/ሰ² ያወጣል። ለውጡ 10 ስለሆነ መልሱ 10 ÷ 8 = 1.25 ሜ/ሰ² ነው።

ስሕተቱ በዚህ አያበቃም። ማስታወሻው ርቀቱንም በመድረሻው ፍጥነት አባዝቶ 25 × 8 = 200 ሜትር ይላል። አውቶቡሱ ግን 25 ሜትር በሰከንድ የደረሰው በስምንተኛው ሰከንድ መጨረሻ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ ሁሉ ከዚያ በታች ነበር። ለውጡ እኩል በእኩል ከሆነ አማካዩ የሁለቱ ግማሽ፣ 20 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ርቀቱም 160 ሜትር ነው። በስሕተት የተጨመሩት 40 ሜትሮች ሲቀድሙ ከፊት ለሚመጣ መኪና ብዙ ማለት ናቸው።

ር = ነ×ጊ + ½×ጥ×ጊ² ውስጥ ያለችው ½ ከየት መጣች ብሎ የማይጠይቅ ተማሪ የለም፤ መልሱን የሚያገኘው ግን ጥቂቱ ነው። ግራፍ ይሣሉ፤ ጊዜን ወደ ጎን፣ ፍጥነትን ወደ ላይ። የአውቶቡሱ መስመር ከ15 ተነሥቶ በቀጥታ ወደ 25 ይወጣል። ከመስመሩ ሥር ያለው ስፋት የቦታ ለውጡ ነው። ያን ስፋት በአግድም መስመር ቢከፍሉት ከታች 15 ቁመትና 8 ወርድ ያለው አራት ማዕዘን ያገኛሉ፤ 120 ነው። ከላይ ሦስት ማዕዘን ይቀራል፤ መሠረቱ 8፣ ቁመቱ 10። የሦስት ማዕዘን ስፋት ግማሽ ስለሆነ ½ × 8 × 10 = 40። ድምሩ 160። ½ የመጣችው ከዚያ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ቁመቱ 10 የሆነውም ጥ×ጊ ስለሆነ ነው። ይህን አንዴ በእጁ የሣለ ሰው ቀመሩን ቢረሳው እንኳ በግማሽ ደቂቃ መልሶ ያወጣዋል።

እግረ መንገዳችንን ሦስተኛውን ቀመርም እንፈትሽበት። ፍ² = ነ² + 2×ጥ×ር። ግራው 25 × 25 = 625፤ ቀኙ 225 + 2 × 1.25 × 160 = 225 + 400 = 625። ጊዜ ባልተሰጠበት ጥያቄ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሁን ማስታወሻው ጨርሶ ያልነካው ቁም ነገር አለ። ሦስቱም ቀመሮች የሚሠሩት ፍጥንጥነቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተለወጠ ብቻ ነው። ያው አውቶቡስ ነጂው መጀመሪያ ነዳጁን ረግጦ በ3 ሰከንድ 25 ቢደርስና የቀሩትን 5 ሰከንዶች በዚያው ቢጓዝ፣ መነሻው ያው 15፣ መድረሻው ያው 25፣ ጊዜው ያው 8 ነው። ርቀቱ ግን 20 × 3 = 60፣ ሲደመር 25 × 5 = 125፣ በድምሩ 185 ሜትር ነው እንጂ 160 አይደለም። «የሁለቱን ግማሽ ያዝ» የሚለው ብልሃት በ25 ሜትር ሳተ። ፍጥንጥነቱ ከተለወጠ ጉዞውን ቆራርጦ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ማስላት ነው፤ የአንዱ ክፍል መድረሻ ፍጥነት ለቀጣዩ መነሻ ይሆናል። ጥያቄ ሲሰጥ «እኩል በእኩል» ወይም «ባልተለወጠ ፍጥንጥነት» የሚል ሐረግ መኖሩን መጀመሪያ ይፈልጉ።

የመቀነስ ምልክትን በተመለከተ ማስታወሻው በግማሽ ትክክል ነው፤ በግማሽ ትክክል የሆነ ነገር ደግሞ ፈጽሞ ከተሳሳተው የበለጠ ያሳስታል። ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ መውረድን አዎንታዊ አቅጣጫ አድርገን እንያዝ። ወደ ድልድዩ የሚወርድ ከባድ መኪና ከ14 ወደ 10 ሜትር በሰከንድ በ4 ሰከንድ ቢቀንስ፣ ጥ = (10 − 14) ÷ 4 = −1 ሜ/ሰ²። እየዘገየ ነው፣ ምልክቱም መቀነስ ነው፤ እስከዚህ ማስታወሻው ልክ ነው። አሁን ከድልድዩ ወደ ደጀን የሚወጣውን መኪና እንይ። አቅጣጫው ተቃራኒ ስለሆነ ፍጥነቱ −10 ነው። በ4 ሰከንድ −14 ቢደርስ ጥ = (−14 − (−10)) ÷ 4 = −1 ሜ/ሰ²። ያው ቁጥር፣ ያው ምልክት፤ ይህኛው ግን እየፈጠነ ነው። ይኸው መኪና ፍሬን ቢይዝ ደግሞ ፍጥንጥነቱ አዎንታዊ ይሆናል።

እንግዲህ ምልክቱ ብቻውን የሚነግረን ፍጥንጥነቱ ወዴት እንደሚያመለክት ነው። መፍጠንና መዘግየትን ለማወቅ ሁለቱን ምልክቶች ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል፤ የፍጥነትና የፍጥንጥነት ምልክት ከተስማሙ ነገሩ ይፈጥናል፣ ከተጣሉ ይዘገያል። አቅጣጫውን የሚመርጠው ጥያቄውን የሚሠራው ሰው ነው። ከመረጠ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው መጽናት አለበት፤ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው መሐል መንገድ ላይ አቅጣጫ በመለወጥ ነው።

«ፍጥነት ዜሮ ሲሆን ፍጥንጥነትም ዜሮ ነው» የሚለው ከጎተራው ምሳሌ አያልፍም፤ ባዶ ጎተራ እህል አይገባበትም እንደማለት ነው። በጥምቀት ሎሚ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ተወረወረ እንበል። ከ1 ሰከንድ በኋላ 4.9 ሜትር ላይ ይደርስና ለቅጽበት ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል። ከዚያች ቅጽበት 0.1 ሰከንድ ቀደም ብሎ +0.98 ነበር፤ 0.1 ሰከንድ ቆይቶ −0.98 ይሆናል። ለውጡ −1.96፣ ጊዜው 0.2፤ ሲካፈል −9.8 ሜ/ሰ²። ጫፍ ላይም፣ ሲወጣም፣ ሲወርድም ያው ነው። ጫፉ ላይ ፍጥንጥነቱ እውነት ዜሮ ቢሆን ኖሮ ሎሚው እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር፤ ፍጥነት የለውም፣ ፍጥነቱን የሚለውጥም የለም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ የፈተና ወጥመድ አለ። ድንጋይ ከ10 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ ላይ በ5 ሜትር በሰከንድ ተወረወረ፤ መሬት ለመድረስ ስንት ይፈጃል? ወደ ላይ አዎንታዊ ካልን የቦታ ለውጡ −10 ነው፣ ፍጥንጥነቱም −9.8። −10 = 5×ጊ − 4.9×ጊ²፤ ከዚህ ጊ = 2.03 ሰከንድ ይወጣል። ምልክት የማይወድ ተማሪ ሁሉንም አዎንታዊ አድርጎ 10 = 5×ጊ + 4.9×ጊ² ይጽፍና 1.01 ሰከንድ ያገኛል። የሚገርመው 1.01 ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር አለመሆኑ ነው፤ ድንጋዩ ወደ ታች በ5 ሜትር በሰከንድ ቢወረወር ኖሮ ልክ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ላልተጠየቀ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ሰጠ። በሁለቱ መካከል ያለው 1.02 ሰከንድ ድንጋዩ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ እጅ ከፍታ ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ ነው።

ከባድ ነገር ቀድሞ ይወድቃል ለሚለው ማስታወሻው ያቀረበው ማስረጃ ድንጋይና ወረቀት ነው። ወረቀቱን ጨምድዶ ጠቅልሎ ዳግመኛ ይልቀቀው፤ ክብደቱ አልተለወጠም፣ ልዩነቱ ግን ሊጠፋ ምንም አይቀረው። ወረቀቱን የያዘው አየሩ ነው። የጎጃም ገበሬ ይህን በየዓመቱ አውድማ ላይ ይሠራበታል። የተወቃውን በመንሽና በላይዳ ወደ ነፋስ ሲበትነው ፍሬው ከእግሩ ሥር ይወርዳል፣ ገለባና እብቁ ወደ ጎን ይሄዳል። ስበት ለሁለቱም በአንድ ኪሎ የሚሰጠው ጉልበት እኩል ነው፤ እብቁ ግን ለትንሽ ክብደቱ ሰፊ ገላ ስላለው አየሩ ይጫወትበታል። አየር በሌለበት ማዝራት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1971 የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ መዶሻና ላባ ባንድነት ለቅቆ ባንድነት መሬት ሲነኩ ታይቷል።

ጢስ አባይም ይህንኑ ይመሰክራል። ውሃው 40 ሜትር ገደማ ይወርዳል ብንልና በቀመሩ ብቻ ብንሄድ፣ ከ2.9 ሰከንድ በኋላ በ28 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም በ100 ኪ.ሜ. በሰዓት መሬት ይመታል። ተሰባብሮ ወደ ጠብታ የተለወጠው ውሃ ግን እንዲህ አይሆንም። 3 ሚሊ ሜትር ያህል የምታክል ጠብታ ጸጥ ባለ አየር ውስጥ ከ8 ሜትር በሰከንድ አካባቢ አታልፍም፤ አየሩ ወደ ላይ የሚገፋት ኃይል ከክብደቷ ጋር ሲተካከል ፍጥንጥነቷ ዜሮ ይሆናል። ልብ ይበሉ፤ እየወረደች ሳለ ፍጥነቷ ይጨምራል፣ ፍጥንጥነቷ ግን ከ9.8 እየቀነሰ ወደ ዜሮ ይሄዳል። አንዱ ሲያድግ ሌላው ይመነምናል። ፍጥንጥነት የበዛ ፍጥነት ቢሆን ኖሮ ይህ እንዴት ይሆናል? ከዚያ የደቀቀው እንደ ጢስ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ ስሙም ከዚያ ነው።

ደጋ ላይ ስበት በእጅጉ ይቀንሳል ስለሚለው ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ1,000 ሜትር ከፍታ የሚቀንሰው 0.003 ሜ/ሰ² ያህል ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የጮቄ ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ባሕር ዳር ላይ በስፕሪንግ ሚዛን 100 ኪሎ የመዘነ ኩንታል ጤፍ ጮቄ ጫፍ ላይ ቢጎድል ከ100 ግራም በታች ነው፤ ሁለት ሰሐን ባለው ሚዛን ደግሞ ድንጋዩም አብሮ ስለሚቀልል ምንም አይጎድልም። በጎጃም ከተሞች 9.78 ይዞ መሥራት ይቻላል። ፈተናው 10 ተጠቀሙ ካለ በ10 ይሠራ፤ ልዩነቱ 2 በመቶ ነው።

የፍሬኑ ጉዳይ ግን የሰው ሕይወት ያለበት ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ማስታወሻው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀትም እጥፍ ይሆናል ይላል። ፍ² = ነ² + 2×ጥ×ር ውስጥ ፍ ዜሮ ሲሆን ርቀቱ ነ² ÷ (2×የፍሬኑ ፍጥንጥነት) ነው፤ መነሻው ፍጥነት በራሱ ተባዝቷል። ስለዚህ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ነው። ደረቅ አስፋልት፣ ደህና ጎማና ደህና ፍሬን ላይ 6 ሜ/ሰ² እንያዝ። በ36 ኪ.ሜ. በሰዓት፣ ማለትም በ10 ሜትር በሰከንድ፣ 100 ÷ 12 = 8.3 ሜትር ይፈጃል። በ72 ኪ.ሜ. በሰዓት 400 ÷ 12 = 33.3 ሜትር።

ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ 1 ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ በዚያች ሰከንድ መኪናው በሙሉ ፍጥነቱ ይሄዳል። ይህ ክፍል በእርግጥም ከፍጥነቱ ጋር እጥፍ ይሆናል፤ 10 ሜትርና 20 ሜትር። ጸሐፊው ምናልባት ያደናገራቸው እሱ ነው። ድምሩ 18.3 ሜትርና 53.3 ሜትር ነው። ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ሲሄዱ ከፊታቸው 19 ሜትር ላይ በሬ ቢገባ፣ በ36 የሚሄደው ለጥቂት ይቆማል። በ72 የሚሄደው ደግሞ በሬው ጋ ሲደርስ ገና ፍሬን አልያዘም፤ የሚመታው በሙሉ 72 ነው።

ክረምት ላይ አስፋልቱ ረጥቦ ጎማው ካለቀ ፍሬኑ ወደ 3 ሜ/ሰ² ሊወርድ ይችላል፤ በ72 ኪ.ሜ. በሰዓት 66.7 ሲደመር 20፣ ወደ 87 ሜትር። ቁልቁለት ሲጨመርበት ደግሞ ስበት ከፍሬኑ ላይ ይቀንሳል። በ100 ሜትር 7 ሜትር የሚወርድ መንገድ 9.8 × 0.07 = 0.69 ሜ/ሰ² ያህል ይቀማል። ከ3 ላይ ሲቀነስ 2.31 ይቀራል፤ ርቀቱም ወደ 107 ሜትር ይደርሳል።

እነዚህ ሁሉ ፍሬኑ እኩል ጉልበት እንደያዘ የሚቆይ ከሆነ ነው። ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ ይህ ራሱ ይፈርሳል። 30 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ስበት 30,000 × 9.8 × 1,000፣ ማለትም 294 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ይሰጠዋል። ፍጥነቱ እንዳይጨምር ይህን ሁሉ አንድ ነገር መዋጥ አለበት። ይህ ሙቀት 880 ሊትር ገደማ ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ 100 ዲግሪ ያደርሳል። ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ነጂ ይህን ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይጭናል፤ ሸራው ሲግል መያዝ ያቅተዋል፣ 6 የነበረው ወደ 2፣ ከዚያም በታች ይወርዳል። በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ የሚያስፈልገው ሞተሩ የድርሻውን እንዲውጥ ነው። ማርሹ ደግሞ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፤ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ዝቅተኛው ማርሽ አልገባም ሊል ይችላል፣ መሐል ላይ ከቀረ ሞተሩም አይረዳም።

ኩርባዎቹ ላይ የሚቀጥለው ስሕተት ይጠብቀናል። የፍጥነት መለኪያው ቀስት 36 ላይ ቆሞ ካልተነቃነቀ ፍጥንጥነት የለም ይባላል። ቀስቱ አቅጣጫ አያውቅም። አቅጣጫ ሲለወጥ ፍጥነት ተለውጧል፤ ፍጥንጥነቱም ወደ ኩርባው መሐል ያመለክታል፣ መጠኑም ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ ለኩርባው ሬዲየስ ሲካፈል ነው። ሬዲየሱ 20 ሜትር በሆነ ኩርባ በ18 ኪ.ሜ. በሰዓት 25 ÷ 20 = 1.25 ሜ/ሰ²፤ በ36 ኪ.ሜ. በሰዓት 100 ÷ 20 = 5 ሜ/ሰ²፣ የስበትን ግማሽ ያልፋል። ጭነቱ ወደ ላይ የተከመረ ከባድ መኪና ከ3 እስከ 4 ሜ/ሰ² ላይ ሊገለበጥ ይችላል። ተሳፋሪው ወደ ውጭ የተገፋ የሚመስለው ማንም ገፍቶት አይደለም፤ መኪናው ሲታጠፍ ገላው በቀጥታ መሄዱን ስለሚቀጥል ነው።

የቀረው ከፎቅ ድንጋይ ለቅቆ በስልክ ሰዓት መያዝ ነው። ከ3 ሜትር የሚለቀቅ ድንጋይ 0.78 ሰከንድ ይፈጃል። ጣት ሰዓቱን ሲያስነሣና ሲያቆም 0.2 ሰከንድ ቢስት የተለመደ ነው። 0.98 ካነበበ ስበት 6.2 ይወጣለታል፣ 0.58 ካነበበ 17.8። ተማሪው ወይ ስበት የለም ይላል ወይ ቁጥሩን አስመስሎ ይሞላል፤ ሁለተኛው ይበዛል። ከፎቅ ድንጋይ መልቀቅ ከታች ለሚያልፍ ሰውም ደግ አይደለም።

የሚሻለው ስበትን ማቀጠን ነው። ጋሊሌዮም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ኳስ በተዳፋት ላይ አንከባሎ። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላና አንድ ብይ ይፈለጉና የብዩን መንገድ እንዲይዙ በግራና በቀኝ ሁለት ቀጭን እንጨቶች ይመቱበት፤ መሐሉ ከብዩ ትንሽ ሰፋ ይበል። ከጠበበ ብዩ ሁለቱን ጠርዝ እየታከከ ይሄዳል፣ ቁጥሩም ይበላሻል። መጀመሪያ ጣውላውን ወለሉ ላይ አጋድመው ብዩን መሐል ላይ ያስቀምጡ፤ በራሱ ከተንከባለለ ወለሉ ያዘነበለ ነው፣ ከአንዱ ጫፍ ሥር ካርቶን እያጠፉ ያስተካክሉ። ከዚያ አንዱን ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉ። የሚለካው የመነሻውና የመድረሻው ምልክት የከፍታ ልዩነት ነው እንጂ ከሥር የተደረገው ጡብ ውፍረት አይደለም።

ከላይኛው ጫፍ ጀምሮ በ12.5፣ በ50፣ በ112.5 እና በ200 ሴንቲ ሜትር ላይ በኖራ ምልክት ያድርጉ። ብዩን በጣት አይልቀቁት፤ ጣት ሳይታወቅ ይገፋል። ከፊቱ ማስመሪያ አቁመው ማስመሪያውን ወደ ፊት ያንሡለት። አንድ ሰው እኩል በእኩል ያጨብጭብ፤ በጭብጨባው መካከል ያለው ጊዜ 0.85 ሰከንድ አካባቢ ሲሆን ብዩ እያንዳንዱን ምልክት ልክ በጭብጨባው ላይ ያልፋል። ክፍተቶቹ 12.5፣ 37.5፣ 62.5፣ 87.5 ናቸው፤ 1፣ 3፣ 5፣ 7። በእኩል ጊዜ የሚጨመረው ርቀት እኩል አይደለም፣ ጭማሪው ግን ሁልጊዜ 25 ነው። ርቀት ከጊዜ ካሬ ጋር ይሄዳል የሚለው ነገር እዚህ በጆሮ ይሰማል።

በስልክ ሰዓት ሙሉውን 2 ሜትር ሲይዙት 3.4 ሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ ጥ = 2×ር ÷ ጊ² = 4 ÷ 11.6፣ ወደ 0.35 ሜ/ሰ²። አሥር ጊዜ ደግመው አማካዩን ይውሰዱ፤ የጣት ስሕተት ከ3.4 ውስጥ ብዙ አያናጋም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት አለ፤ ቁልቁለቱ 10 ለ200፣ ማለትም 0.05 ስለሆነ 9.78 × 0.05 = 0.49 ይጠብቅና 0.35 ሲያገኝ ሙከራው ተበላሸ ይላል። አልተበላሸም። ብዩ እየተንሸራተተ ሳይሆን እየተሽከረከረ ነው የሚወርደው፤ ስበት ከሚሰጠው ጉልበት ከፊሉ ለመሽከርከሩ ይሄዳል። ለድፍን ኳስ ወደ ፊት ለመሄዱ የሚቀረው ከሰባት አምስት እጅ ነው፤ 0.49 × 5 ÷ 7 = 0.35። ጣውላውን ከልክ በላይ አቁመው ብዩ መንሸራተት ከጀመረ ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ ለ2 ሜትር ጣውላ ከ20 ሴንቲ ሜትር ባያሳልፉት ይሻላል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ጊዜው ራሱ ለጣት ያጥራል።